ከካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ለየትኛው ስሜት የትኛው እንቅስቃሴ?

ሕክምናው አለቀ ሲባል ዘመድ ወዳጅ ይደሰታል። ስልኩ «እንኳን ደስ አላችሁ» በሚል መልእክት ይሞላል። የታመመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። እስከ ትናንት ቀጠሮ ነበረው። ስሙን የምታውቅ ነርስ ነበረች፤ ቶሎ ቶሎ የሚያየው ሐኪም ነበረ። አሁን «ከጥቂት ወራት በኋላ ለክትትል ይምጡ» ተብሎ ቤቱ ገብቷል። ሰውነቱ ዝሏል። እንቅልፉ ተዛብቷል። ጎኑን ወጋ ባደረገው ቁጥር «ተመልሶ መጣ እንዴ?» የሚል ሐሳብ ክው ያደርገዋል።

በዚህ ሰዓት «ተንቀሳቀስ፣ ስፖርት ሥራ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ? በሳምንት ስንት ጊዜ? ብቻ ወይስ ከሰው ጋር? ፍርሃት የያዘውና እንቅልፍ ያጣው ሰው የሚያስፈልጋቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው?

የኔ መነሻ ይህ ነው፦ «የትኛው ስፖርት ይሻላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አሁን ከሁሉ በላይ የከበደኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ድካም ነው? ጭንቀት ነው? ድብርት ነው? እንቅልፍ ማጣት ነው? ወይስ «ይሄ አካል የኔ አይመስለኝም» የሚል ስሜት ነው? ምርጫችሁን የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

ጥናቶቹ የሚሉት

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ስለ ካንሰርና እንቅስቃሴ የተሠሩ ጥናቶችን አስመረመረ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ባለሙያዎቹ ጠንካራ ማስረጃ አለ ካሏቸው ነገሮች መካከል ጭንቀት፣ ድብርትና ድካም ይገኙበታል። ሦስቱም በእንቅስቃሴ ይቀንሳሉ።

የሚገርመው ዝርዝሩ ነው። ለጭንቀትና ለድብርት የሚሠራው ልብና ሳንባን የሚያሠራው፣ ኤሮቢክ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት፣ ዋና የመሳሰለው ማለት ነው። መጠኑም በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት ያህል ነው። ክብደት ማንሳት ብቻውን ለጭንቀትና ለድብርት ያን ያህል ማስረጃ አልተገኘለትም። ከኤሮቢክ ጋር ሲጣመር ግን ይሠራል። ለድካም ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይረዳሉ።

ሌላም አለ። በባለሙያ ክትትል የሚሠራ እንቅስቃሴ ብቻን ቤት ውስጥ ከሚሠራው የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ይህን ስታነቡ «እኔ ባለሙያ ከየት አመጣለሁ?» ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ቤት ውስጥ የሚሠራውም ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጊዜያት ብቻ እንኳ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ማሳለፍ ብዙ ፍርሃት ያስወግዳል።

ድካም ለበረታበት

በመጀመሪያ ስለ ድካም ላውራ። ብዙውን ሰው የሚያሠቃየው እሱ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተውም እሱ ነው።

ከካንሰር ሕክምና የሚመጣ ድካም ሥራ ውሎ እንደመጣ ሰው ድካም አይደለም። ተኝቶ መነሳት አያጠፋውም። ሰውየው 10 ሰዓት ተኝቶ ይነሳል፤ ጠዋቱን ግን ገላውን ታጥቦ ልብሱን ሲለብስ እንደገና ይዝላል። ቤተሰቡም በደግነት «አረፍ በል፣ እኛ እንሠራዋለን» ይለዋል። አረፍ ባለ ቁጥር ጡንቻው ይቀንሳል። ጡንቻው በቀነሰ ቁጥር ትንሹ ሥራ ከባድ ይሆናል። ትንሹ ሥራ ሲከብድ ደግሞ መንፈሱ ይወድቃል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው መተኛት ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው። ለመቀበል የሚከብድ እውነት ነው፤ ግን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ ኦንኮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንታኔ 113 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ አወዳደረ። በጥናቶቹ ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። የሚነጻጸሩት እንቅስቃሴ፣ የሥነ ልቦና ምክርና ለድካም የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። እንቅስቃሴውና ምክሩ ከመድኃኒቶቹ በግልጽ ተሽለው ተገኙ።

ታዲያ ለድካም የእግር ጉዞ ይሻላል ወይስ ጡንቻ ማጠንከር? እኔ የምለው፦ በቀላሉ የሚጀመረውን ያዙ። እዚህ ላይ ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደህና በሆነበት ቀን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቀለል ብሎት ይነሳል። «ዛሬማ ድኛለሁ» ብሎ ቤት ያጸዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ አንድ ሰዓት ይራመዳል። በማግስቱ አልጋ ላይ ነው፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ «ስፖርት ለኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ያደከመው ግን ስፖርቱ አይደለም፤ ያን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረሱ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ቀንም ሆነ መጥፎ ቀን መጠኑ ብዙ እንዳይራራቅ አድርጉ። በ10 ደቂቃ ከጀመራችሁ ጥሩ በሆነው ቀንም 10 ደቂቃ ይብቃ። በመጥፎው ቀን 5 ይሁን፤ ግን ዜሮ አይሁን። አንድ ሳምንት በዚህ ሄዶ ካልከበዳችሁ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ቀርፋፋ ይመስላል። ወደ 30 ደቂቃ የሚያደርሰው ግን ይሄ ነው። ትኩሳት ያለበትና የሚያስመልስበት ቀን ብቻ ለብቻው ይታይ፤ ያን ቀን ዜሮ መሆን ልክ ነው።

ጭንቀትና ድብርት ለያዘው

ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የእግር ጉዞን እመርጣለሁ። ክፍያ የለውም፣ ሥልጠና አይፈልግም፣ በፈለጉበት ሰዓት ይቆማል። በዚያ ላይ ከቤት ያስወጣል። ድብርት የሚወደው የተዘጋ ክፍል ነው። ጠዋት ብርሃን ላይ መራመድ ደግሞ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ ቶሎ እንዲመጣ ይረዳል።

ፍጥነቱ ምን ያህል ይሁን? ቀላል መለኪያ አለ። እየተራመዳችሁ ማውራት መቻል አለባችሁ፤ መዝፈን ግን አትችሉም። መዝፈን ከቻላችሁ በጣም ቀርፋፋ ነው። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ከቆረጣችሁ ደግሞ ፈጥናችኋል። ልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። እንዲያውም አንዳንድ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ሰዓቱ ሊያሳስት ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይሁን። 5 ደቂቃ ወደፊት ሂዱና ተመለሱ። ርቆ መሄድ የሚያስፈራው መመለሱ ስለሆነ፣ በሰዓት ለክቶ መመለስ «መንገድ ላይ ብወድቅስ» የሚለውን ሥጋት ይቀንሳል። ሜዳ መንገድ ምረጡ። ኬሞ ከወሰዳችሁ በኋላ እግራችሁ ጫፍ ላይ የሚደነዝዛችሁ ከሆነ ይህ ምክር ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ፓክሊታክሴል፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የእግርና የእጅ ነርቭን ይጎዳሉ። እግር መሬቱን በደንብ ካልተሰማው መውደቅ ቀላል ነው። ተረከዙን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ስትመለሱም ጣቶቻችሁን እዩ፤ የደነዘዘ እግር ቢላጥም አይናገርም።

የእግር ጉዞ ድክመትም አለው። ብቻውን የሚራመድ ሰው አእምሮው ሥራ ፈት ነው። የምርመራ ቀን ሲቃረብ እግሩ እየሄደ ሐሳቡ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። እንደዚያ ከሆነባችሁ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ጓደኛ ነው። ሁለተኛው በጆሮ የሚደመጥ ነገር ነው፤ ትረካ ቢሆን ከሙዚቃ ይሻላል፣ ሐሳብን ይይዛል። ይህም ካልሠራ ትኩረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ወዳለበት እለፉ። ዳንስ፣ ታይ ቺ (ከቻይና የመጣ፣ ቆሞ በቀስታ የሚሠራ እንቅስቃሴ)፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፤ እነዚህ «ቀጥሎ ምን ላድርግ» እያስባሉ ሌላ ሐሳብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ዳንስን ሰዎች እንደ ስፖርት አይቆጥሩትም። መቁጠር አለባቸው።

«ሰውነቴን አላምነውም» ለሚል

ይህ ስሜት ብዙ አይወራለትም። ሰውየው አልደበተውም፣ እንቅልፉም ደህና ነው። ግን አካሉን እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ይይዘዋል። ዕቃ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ መሐል ላይ ይቆማል። ልጁን ለማቀፍ ጎንበስ ሲል ይፈራል። አካሉ ሳይነግረው ስለከዳው ከእንግዲህ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ለዚህ ሰው ከምንም በፊት ጡንቻ ማጠንከርን እመክራለሁ። የጉልበት ሥራ እድገቱ ይታያል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያልተነሳው ክብደት ዛሬ ይነሳል። ይህን ሌላ ሰው «አይዞህ» ስላለው አይደለም የሚያምነው፤ በእጁ ስለያዘው ነው።

ለረጅም ዓመታት የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶች «በዚያ እጅሽ ከባድ እንዳታነሺ» ይባሉ ነበር። ከብብት የሊምፍ ዕጢዎች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ካትሪን ሽሚትዝ የምትመራው ቡድን ይህን ምክር በጥናት ፈተነው። ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ዓመት፣ ክብደት እያነሱ ቆዩ። እብጠቱ አልጨመረባቸውም። እንዲያውም እብጠቱ የሚነሳባቸው ጊዜ ካላነሱት አነሰ፤ ጉልበታቸውም ጨመረ። ነገር ግን አካሄዱን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ አሠልጣኝ ነበራቸው፣ በትንሽ ክብደት ጀመሩ፣ ቀስ ብለው ጨመሩ፣ ክንድን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ እጅጌ ለብሰው ሠሩ። «ክብደት ይቻላል» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ በመጀመሪያ ቀን ትልቁን ዱምቤል እንዳታነሱ።

ቤት ውስጥ መጀመር የሚፈልግ ሰው ወንበር ይበቃዋል። ጀርባው ግድግዳ ላይ የተደገፈ፣ የማይንሸራተት ወንበር ይሁን። ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ። ደረታችሁን ወደፊት ዘንበል አድርጉና እየተነፈሳችሁ ተነሱ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ሦስት እየቆጠራችሁ ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ ዱብ አትበሉ፤ ጡንቻውን የሚሠራው ቀስ ብሎ መውረዱ ነው። እጃችሁን ሳትደገፉ 8 ጊዜ ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልቻላችሁ ተደግፋችሁ ጀምሩ። ትንሽ አርፋችሁ አንድ ዙር ድገሙት። ከዚያ ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት፣ በስፖርት ላስቲክ ወደ ኋላ መሳብ ይጨመራል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሐል ዕረፍት ያለበት፤ እያንዳንዱ ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ትንፋሻችሁን አትያዙ።

ጡንቻ ማጠንከር ሌሎችንም ይጠቅማል። ለፕሮስቴት ካንሰር ሆርሞን የሚቀንስ ሕክምና የሚወስዱ ወንዶች ጡንቻም አጥንትም ይሳሳባቸዋል። ብዙዎቹ ይህን ሲያዩ ዝም ብለው ያዝናሉ፤ «ወንድነቴ ሄደ» የሚል ሐሳብ ይዟቸው ለማንም አይናገሩም። ለነሱ ክብደት ማንሳት ከእግር ጉዞ በፊት ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ለጡት ካንሰር ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶችም አጥንታቸው ስለሚሳሳ እንዲሁ።

ካንሰሩ ወደ አጥንት የሄደበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ክብደት አይንካ። የትኛው አጥንት እንደተጎዳ ሳይታወቅ መጫን ስብራት ያመጣል። እንቅስቃሴ ክልክል ነው ማለት አይደለም። የሚሠራው ቦታ ይመረጥለታል ማለት ነው።

ሌሊቱ ለረዘመበት

እንቅልፍ የነሳው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ከዚያ በፊት የሚሞከሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዮጋና ታይ ቺ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እንጀምር። ሕክምናቸውን የጨረሱና እንቅልፍ የተዛባባቸው 410 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ መደበኛ ክትትላቸውን ብቻ ቀጠሉ። ግማሾቹ በዚያ ላይ ለ4 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 75 ደቂቃ ዮጋ ሠሩ። ዮጋ የሠሩት እንቅልፋቸው ተሻለ፤ የእንቅልፍ መድኃኒት መጠቀማቸውም ቀነሰ። ዮጋው ለስላሳው ዓይነት ነበር፤ አተነፋፈስ፣ ቀላል ማሳሳብ፣ ዕረፍት። በሙቅ ክፍል የሚሠራው ወይም በጭንቅላት የሚቆምበት አይደለም። ክንዱ ወይም እግሩ የሚያብጥበት ሰው ሙቅ ክፍል ያለውን ባይሞክር ይሻላል።

ታይ ቺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ለእንቅልፍ ማጣት ዋና ሕክምና ከሚባለው የሥነ ልቦና ዘዴ ጋር ተወዳደረ። ተሳታፊዎቹ የጡት ካንሰርን ያለፉ 90 ሰዎች ነበሩ። ከ15 ወር በኋላ ሲታይ ታይ ቺው ከዚያ ሕክምና አላነሰም።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ወለል ላይ መቀመጥና መነሳት ለሚከብደው ታይ ቺ ይሻላል፤ ሁሉም ቆሞ ነው የሚሠራው። ሚዛኑ ለሚንገዳገድ ሰውም እንዲሁ፤ አጠገቡ የሚይዘው ነገር ይኑር እንጂ። ትከሻው ወይም ደረቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተኮማተረ ሰው ዮጋው ይጠቅማል፤ በቀስታ ይከፍተዋል። ዮጋ የሚለው ስም ለማይመቸው ሰው ደግሞ ስሙን ትቶ ማሳሳቡንና ቀስ ብሎ መተንፈሱን ይውሰድ። ድክመታቸውም አለ። ሁለቱም ልብና ሳንባን ብዙ አያሠሩም። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣትና ድብርት አንድ ላይ ላለበት ሰው ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ማታ 20 ደቂቃ ዮጋ ቢያደርግ ጥሩ ቅንጅት ነው።

ስለ ውሃ ጥቂት

ዋናና ውሃ ውስጥ መራመድ መገጣጠሚያው ለሚያመው ሰው ተመራጭ ነው። ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። ያልዳነ ቁስል ያለበት፣ በጨረር የተጎዳ ቆዳው ያላገገመ፣ መድኃኒት መቀበያ ቱቦ ከሰውነቱ የወጣ ወይም ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ግን ገንዳ ይቆየው። ከስሜት አንጻር ውሃ የሚጠይቀው ድፍረት ነው። ጠባሳ፣ የጎደለ ጡት፣ ሆድ ላይ ያለ ሰገራ ወይም ሽንት መቀበያ ከረጢት፤ እነዚህን ይዞ ልብስ መቀየሪያ ክፍል መግባት ቀላል አይደለም። ዝግጁ ካልሆናችሁ አትግቡ፤ ሌላ ምርጫ ሞልቷል። ዝግጁ ስትሆኑ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ሂዱ።

ብቻ፣ ከአንድ ሰው ጋር ወይስ በቡድን?

ይህ ምርጫ ከእንቅስቃሴው ዓይነት ያልተናነሰ ክብደት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ቫንኩቨር ዶን ማኬንዚ የተባለ የስፖርት ሐኪም የጡት ካንሰርን ያለፉ 24 ሴቶችን ሰብስቦ ድራጎን ቦት በሚባለው ረጅም ጀልባ ላይ አስቀዘፋቸው። ክንድን በኃይል ማሠራት እብጠት ያመጣል ይባል በነበረበት ጊዜ ነው። እብጠት አልመጣም። ዛሬ በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ የቀዘፋ ቡድኖች አሉ። ሴቶቹን እዚያ ያቆያቸው ግን ክንዳቸው ብቻ አልነበረም። ጀልባው ላይ አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት ምንም ሳትነግሪያት ታውቃለች። ካንሰር የሚለውን ቃል ሳያነሱ አንድ ቀን ሙሉ አብሮ መዋል ይቻላል፤ ማንሳትም ይቻላል።

ተቀምጦ ስለ ስሜት ማውራት የማይሆንለት ሰው አለ። ብዙ ወንዶች እንደዚያ ናቸው። ክብ ሠርቶ ተቀምጦ «እንዴት ይሰማሃል?» ሲባል ዝም ይላል። ጎን ለጎን እየተራመደ ወይም እየቀዘፈ ግን ያወራል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የእንቅስቃሴ ቡድን ከምክክር ቡድን ይቀድማል።

የቡድን መጥፎ ጎኑም ይነገር። አንድ ቀን ከመካከላቸው የአንዷ በሽታ ይመለሳል። ያን ዜና መሸከም ከባድ ነው። ሌላው ውድድር ነው፤ «እሷ እንኳ በሁለት ወር ሮጠች» የሚል ሐሳብ። ፍርሃቱ ገና ትኩስ የሆነ፣ የሌላ ሰው ታሪክ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቀው ሰው ለጊዜው ከአንድ ጓደኛ ጋር ቢሆን ይሻላል። ያ ጓደኛ ግን የሚያዝንለት ዓይነት አይሁን። በየደቂቃው «ደከመህ? እንመለስ?» የሚል ሰው ፍቅሩ ጥሩ ነው፤ ፍርሃትን ግን ያበዛል። ዝም ብሎ አብሮ የሚራመድ ሰው ፈልጉ።

ብቻ መሆን ለማን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚከበው። እንግዳና ጠያቂ ላደከመው ሰው 20 ደቂቃ ብቻ መሆን ራሱ ዕረፍት ነው።

ሳትጀምሩ ለሐኪም የምትነግሩት

በእግር መራመድ ለመጀመር አብዛኛው ሰው ረጅም ምርመራ አያስፈልገውም። ጠንከር ያለ ነገር ከማሰባችሁ በፊት ግን የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስም ይዛችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ የሚባሉት ልብን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ከረጢት ያለው ሰው ለሆድ ጡንቻ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ባለሙያ ያሳየው።

እየሠራችሁ ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨነቅ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ መዞር ከመጣ አቁሙና እርዳታ ፈልጉ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ሳያልፍ ታዩ። ሌሊት የሚብስ አዲስ የአጥንት ሕመም፣ ድንገተኛ የእግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፤ እነዚህም ለነገ አይባሉም። እግረ መንገዴን፦ ከአዲስ እንቅስቃሴ በኋላ ጡንቻ በማግስቱ ማመሙ የተለመደ ነው፤ በሁለትና ሦስት ቀን ይለቃል። ይህን የማያውቅ ሰው «ተመለሰብኝ» ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድራል።

«ስላልሠራሁ ነው» የሚለው ጸጸት

እ.ኤ.አ. በ2025 ስለ አንጀት ካንሰር አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ለ3 ዓመት የሚደግፋቸው ባለሙያ ያለበት የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ተሰጣቸው። ሌሎቹ ስለ ጤና የሚመክር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከእንቅስቃሴው ቡድን 90.3 በመቶ፣ ከሌላው 83.2 በመቶ ነበሩ። ትልቅ ዜና ነው። ደስ ይበለን።

ግን ይህን ዜና አንድ ሰው ላይ ዱላ አድርጋችሁ እንዳታነሡት። ጥናቱ የአንጀት ካንሰርን ይመለከታል። በቁጥሩም ውስጥ እየተንቀሳቀሱ በሽታው የተመለሰባቸው አሉ፤ ሳይንቀሳቀሱ ደህና የሆኑም አሉ። በሽታው ተመለሰ ማለት ሰውየው ሰነፈ ማለት አይደለም። «ብትራመድ ኖሮ» የሚል ዘመድ ይህን ዐረፍተ ነገር ይዋጠው። ራሳችሁም በራሳችሁ ላይ አትበሉት። በፍርሃት የሚሠራ እንቅስቃሴ አንድ ቀን በቀረ ቁጥር ሌላ ጭንቀት ይሆናል፤ ያመጣነው ለተቃራኒው ነበር።

እንቅስቃሴ ብቻውን የማይበቃበት

እንቅስቃሴን ከምክር አገልግሎትና ከመድኃኒት ጋር «ይሄ ወይስ ያ» ብሎ ማወዳደር ልክ አይመስለኝም። ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ጭንቀትና ድብርት እንቅስቃሴ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከጨለመባችሁ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ መብላትም መተኛትም እምቢ ካለ ግን ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ተናገሩና እርዳታ አግኙ። የድብርት መድኃኒት የጀመረ ሰውም «አሁን ስፖርት እሠራለሁ» ብሎ በራሱ እንዳያቆም። ደግሞ በጣም የተደበተን ሰው «ተነስና ተራመድ» ማለት አይረዳውም፤ ጫማውን አምጥቶ አብሮት መውጣት ይሻላል።

በሽታው ይመለስ ይሆን የሚለው ፍርሃትም ቀንና ሌሊት ከያዛችሁ ለሱ ብቻ የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። መጠየቅ አያሳፍርም። በምርመራ ሰሞን አዲስና ከባድ ነገር አትጀምሩ፤ የለመዳችሁትን ብቻ ቀጥሉ። ውጤት የምትጠብቁባቸው ቀናት ለክብረ ወሰን መስበሪያ አይሆኑም።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት

አንዱን ዋና፣ አንዱን ረዳት አድርጋችሁ ምረጡ። ጭንቀት ወይም ድብርት ከሆነ ዋናው የእግር ጉዞ፣ ረዳቱ ጡንቻ ማጠንከር። በአካል ላይ እምነት ማጣት ከሆነ ተቃራኒው። እንቅልፍ ከሆነ ዮጋ ወይም ታይ ቺ፣ ከጠዋት የእግር ጉዞ ጋር። ድካም ከሆነ ከሁለቱ ቀለል ያላችሁን፣ በትንሽ መጠን።

አንድ ደብተር ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ስሜታችሁን ከ0 እስከ 10 ጻፉ፤ ስትመለሱም ጻፉ። ብዙ ጊዜ ከወሩ በፊት የዚያው ቀን ለውጥ ይታያል፤ ሲወጡ 3 የነበረው ሲመለሱ 5 ይሆናል። እሱን ማየት ማግስቱን ለመውጣት ይረዳል። ለውጥ ከሌለ ወይም ወደ ታች ከሄደ ራሳችሁን አትውቀሱ። መጀመሪያ ጓደኛ ጨምሩ ወይም ሰዓቱን ቀይሩ፤ ያም ካልሆነ ዓይነቱን ቀይሩ። 12 ሳምንት ሞክራችሁ ስሜታችሁ ካልተነቃነቀ ደብተሩን ለክትትል ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። «ከባድ ነው» ብቻ ከምትሉት ይልቅ ሐኪሙ ቁጥሩን ሲያይ የታይሮይድ፣ የደም ማነስ ወይም የመድኃኒት ችግር እንዳለ መመርመር ይቀለዋል።